ሌዘር ሲሉዎት «የትኛው ሌዘር?» ብለው ይጠይቁ፦ ግላኮማን በጠብታ፣ በሌዘር ወይስ በቀዶ ሕክምና?

እናቴ ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ፣ እንዳለባት ያወቀችው መነጽር ልታስለካ በሄደችበት ቀን ነው። ዓይኗ አይቀላም፣ አያማትም። መርፌ ላይ ክር መሰካት ስላቃታት ብቻ ነበር የሄደችው። ሐኪሙ የዓይኗን ግፊት ለካ። ቀኙ 29፣ ግራው 26።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ክርክር ገባ። ወንድሜ «ሌዘር ትሠራና እንገላገል» ይላል። አክስቴ «እኔ የማውቃት ሴትዮ ሌዘር ተሠርታ ዓይኗ ጠፍቷል፤ በፍጹም!» ትላለች። አሜሪካ ያለችው እህቴ በበኩሏ «ጠብታውን እኔ እልካለሁ፤ ማንም እንዳይነካት» አለች። ሦስቱም ለእናቴ አስበው ነው። ግን ሦስቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነበር። ይሄ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሌዘር የሚለው ቃል አንድ ሕክምና አይደለም። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ የሚደበዝዘውን ሽፋን የሚከፍት ሌዘር አለ። ለስኳር ሕመምተኞች የሚሠራ አለ። መነጽር ለማስጣል የሚሠራ አለ። ለግላኮማ ብቻ እንኳ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዓይነቶች አሉ፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ሰው ግን ሁሉንም «ሌዘር ተሠራሁ» ብሎ ነው የሚያወራው። ጎረቤትዎ ዳነች ወይም ተጎዳች ብለው ከመወሰንዎ በፊት የተሠራችው የትኛው እንደሆነ ይወቁ።

በመጀመሪያ ፈሳሹ የት ነው የተዘጋው?

ዓይናችን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለ። እንባ አይደለም። ፈሳሹ ከአይሪስ ጀርባ ይመነጫል፤ አይሪስ ማለት ብሌኑን የከበበው ባለቀለም ክብ ነው። በብሌኑ በኩል ወደፊት ያልፋል። ከዚያ አይሪሱና የዓይን መስታወት (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ እንደ ወንፊት ያለ ነገር ያገኛል፣ በእሱ ተጣርቶ ወደ ደም ይገባል። የመነጨው ያህል ካልወጣ ግፊት ይጨምራል። ግፊቱም ከኋላ ያለውን የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል።

የተለመደው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ በ18ም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ፤ በ24 ለዓመታት ምንም የማይሆን ሰውም አለ። ስለዚህ ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ነርቩን አይቶ ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱን ግብ ያወጣል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከዚህ በታች ከማነጻጽራቸው ሕክምናዎች አንዱም የጠፋውን እይታ አይመልስም። ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የሚሠሩት የቀረውን ለማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር፤ የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነው። ሞራ ግን ይገፈፋል፣ ሰውየው ያያል። ግላኮማ ያጠፋው እንደጠፋ ነው። ብዙ ሰው ሌዘር ተሠርቶ እይታው ስላልጨመረ «ገንዘቤን በሉት» የሚለው ይህን ቀድሞ የነገረው ስለሌለ ነው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ቅር ብሎት ክትትሉን ያቆማል።

የሁሉም ምርጫ በር የሆነው ጥያቄ «ማዕዘኑ ክፍት ነው ወይስ ጠባብ?» የሚለው ነው። ሐኪሙ ይህን የሚያየው ዓይንዎን አደንዝዞ መስታወት ያለው ትንሽ ሌንስ በማስቀመጥ ነው። ደቂቃዎች ይወስዳል፣ አያምም። ይህ ምርመራ ሳይደረግ «ሌዘር ያስፈልግሃል» ወይም «አያስፈልግህም» ከተባሉ በትሕትና ይጠይቁ። «ዶክተር፣ ማዕዘኑ ታይቷል?» ማለት ነውር የለውም።

ማዕዘኑ ክፍት ለሆነ፦ ኤስ ኤል ቲ

የእናቴ ማዕዘን ክፍት ነው። በአገራችን አብዛኛው የግላኮማ ታማሚም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚሠራው ሌዘር ኤስ ኤል ቲ ይባላል።

አሠራሩን አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ግፊት እንዳይዘልል አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ማደንዘዣ ጠብታ። ነርሷ «እማማ፣ አገጭዎን እዚህ ያሳርፉ፣ ግንባርዎን ወደፊት ይግፉ» አለቻት። እንደተለመደው የዓይን መመርመሪያ ማሽን ነው የሚመስለው። ሐኪሙ ሌንሱን ዓይኗ ላይ ይዞ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አረንጓዴ ብልጭታ። በአንድ ዓይን ዙሪያውን ወደ 100 ያህል ጊዜ ተተኩሷል። ደቂቃዎች ነው የወሰደው። እናቴ ከወንበሩ ስትነሳ «በቃ? አለቀ?» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ በእግሯ ወጣች።

መርፌ የለም፣ ስፌት የለም። ሌዘሩ ሞገዱ 532 ናኖሜትር ነው፤ እያንዳንዷ ተኩስ የምትቆየው ሦስት ናኖሰከንድ ነው። ከማጠሯ የተነሳ ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይዛመት ያልቃል። የምትነካው በወንፊቱ ውስጥ ቀለም የያዙትን ሕዋሳት ብቻ ነው። ዓይኑ ከዚያ በኋላ ወንፊቱን በራሱ ማጽዳት ይጀምራል።

ከዚህ በፊት የነበረው የአርጎን ሌዘር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ታዋቂ ነበር። እሱም ግፊት ይቀንሳል፣ ግን ወንፊቱን ያቃጥለዋል፤ ጠባሳ ስለሚተው ደጋግሞ መሥራት አይቻልም። ኤስ ኤል ቲ ጠባሳ አይተውም ማለት ይቻላል፤ ሥራው ሲደክም እንደገና ይሠራል። ሁለቱም ያሉበት ቦታ ከሆኑ ኤስ ኤል ቲን ይምረጡ። እዚህ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ግፊቱ በተሠራ ማግስት አይወርድም። ውጤቱ የሚታወቀው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በብዙዎች ዘንድ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ካላቆመዎት በስተቀር ጠብታዎን በዚያው ቀን አይተዉት። በአንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ አይሠራም። ሥራውም ዘላለማዊ አይደለም፤ ለአንዱ አንድ ዓመት፣ ለሌላው አምስትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

ጉዳቱስ? ለጥቂት ቀናት መቅላት፣ መቆርቆር፣ ብርሃን መፍራት። በተሠራ በሰዓታት ውስጥ ግፊቱ ለጊዜው ሊዘልል ይችላል፤ ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ እንደገና የሚለካው። ማዕዘናቸው ውስጥ ብዙ ቀለም ያለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ዝላይ ይበልጣል፤ ሐኪሙ ጉልበቱን ዝቅ አድርጎ ይሠራል። «ተለክቼ ነው የምሄደው ወይስ እንዲሁ ነው የምትሸኙኝ?» ብለው ይጠይቁ።

በአገራችን በብዛት የሚታይ አንድ ዓይነት ግላኮማም አለ። ሌንሱና አይሪሱ ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ ይታያል፤ ሐኪሞች ሱዶኤክስፎሊየሽን ይሉታል። ለእነዚህ ሰዎች ኤስ ኤል ቲ መጀመሪያ ላይ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ቶሎ ግን ይደክማል። ካርድዎ ላይ ይህ ቃል ካለ ቀጠሮዎ ከሌላው ሰው የቀረበ መሆን አለበት።

ጠብታ ወይስ ኤስ ኤል ቲ? ክርክሩ ያለው እዚህ ነው

ለረጅም ጊዜ ልማዱ «መጀመሪያ ጠብታ፣ ካልሠራ ሌዘር፣ እሱም ካልሆነ ቀዶ ሕክምና» የሚል ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ተናግቷል።

በእንግሊዝ 718 አዲስ ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በጠብታ፣ ገሚሶቹ በኤስ ኤል ቲ ሕክምና ጀመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። በሌዘር ከጀመሩት ውስጥ 74 በመቶ ያህሉ ከሦስት ዓመት በኋላ ያለ ምንም ጠብታ ግፊታቸው ግቡ ላይ ነበር። በስድስተኛው ዓመትም ቢሆን ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ጠብታ አልጀመሩም። እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ለብዙዎቹ አዲስ ታማሚዎች መጀመሪያ ኤስ ኤል ቲ ይቅረብ አለ።

«ያ እንግሊዝ ነው» ይሉኝ ይሆናል። እኔን ያሳመነኝ ግን ቅርባችን ያለው ነው። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ሞሺ በሚገኘው የኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል፣ ኤስ ኤል ቲን ከቲሞሎል ጠብታ ጋር አወዳደሩት። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶው ተሳክቶላቸዋል፤ በጠብታ ከታከሙት 31 በመቶው ብቻ። እጥፍ ያህል ማለት ነው። የእነሱ ሕይወት ከእኛ ይመሳሰላል፤ ሩቅ መንገድ፣ ውድ መድኃኒት፣ ዘግይቶ መምጣት።

ጠብታ መጥፎ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። በሥርዓቱ ከተደረገ ዓይን ያድናል። ችግሩ ጠብታው ቤት ውስጥ መኖሩን፣ በየቀኑ መደረጉንና ዓይን ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ነው። እናቴን አንድ ቀን ስትጨምር ቁጭ ብዬ አየኋት። ጭንቅላቷን በደንብ አላቀናችም። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጯ ላይ ወረደች። ሁለተኛዋ ሽፋሽፍቷ ላይ። ሦስተኛዋ ገባች። በዚህ አያያዝ የወር መድኃኒት በሁለት ሳምንት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ ወደኋላ አስደግፌ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጌ፣ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለሁለት ደቂቃ መጫን። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመሃል አምስት ደቂቃ።

ዓይነቱም ለውጥ አለው። ላታኖፕሮስት ማታ አንዴ ብቻ ነው፤ ዓይን ሊያቀላ፣ ሽፋሽፍት ሊያስረዝምና ሊያጠቁር ይችላል። ቲሞሎል ረከስ ይላል፣ በየፋርማሲውም ይገኛል። ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የልብ ምታቸው ዝግ ያለባቸውም መጠንቀቅ አለባቸው። ጠብታ ናት ብለው አይናቋት፤ ወደ ደም ትገባለች። አስም እንዳለብዎት ለዓይን ሐኪሙ ይንገሩ፣ ባይጠይቅዎትም።

ከውጭ ለሚልኩ ወገኖች አንድ ነገር። ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ከተከፈተ በኋላ ውጭ ሆኖ ስድስት ሳምንት ያገለግላል። እህቴ የላከችው የመጀመሪያው ጥቅል ከሰው ሻንጣ ወደ ሰው ሻንጣ እየዞረ ስንት ሳምንት ሙቀት ላይ እንደቆየ እግዜር ይወቀው። መንገደኛ ሲጠፋ ደግሞ እናቴ ሁለት ወር ያለ ጠብታ ቆየች፣ ለማንም አልተናገረችም። «እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው» አለች። ስለማያማት ምንም የጎደለ አልመሰላትም። ወደ ሌዘር የወሰደን ያ ሁለት ወር ነው።

ጾምና ጸበልም ይነሳ። በረመዳን የሚጾም ሰው ጠብታው ማታ አንዴ የሚደረግ እንዲሆንለት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከኢፍጣር በኋላ ስለሚደረግ ጭንቀቱ ይቀራል። ጸበል የሚሄድ ሰው ጠብታውን ይዞ ይሂድ። እምነቱንም መድኃኒቱንም ይዞ መመለስ ይቻላል። ጠብታ ለማቋረጥ የሚገደድ ወይም ለወራት ከቤት የሚወጣ ሰው ደግሞ ቀድሞ ሌዘር ቢሠራ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ዋጋውን ሲያወዳድሩ የአንዱን ብልቃጥ ዋጋ ከሌዘሩ ዋጋ ጋር አያወዳድሩ። ብልቃጡን በ12 ወር ያባዙት፤ ከዚያ በሦስት ዓመት። መጓጓዣውንም ይጨምሩ። ሌዘር መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፣ ሲደመር ግን ብዙ ጊዜ ጠብታው ይበልጣል።

የሌዘር ትልቁ ድክመት ግን ዓይኑ ላይ አይደለም፣ ሰውየው ላይ ነው። ጠብታ የሚጨምር ሰው በየቀኑ በሽታው ትዝ ይለዋል። ሌዘር የተሠራ ሰው «ዳንኩ» ብሎ ይጠፋል። ሌዘሩ ሲደክም ምልክት የለውም። በሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ግማሹ እይታ ሄዷል። በእንግሊዝ ያ ውጤት የመጣው ሰዎቹ እየተመላለሱ ስለተለኩ ነው። ቀጠሮ የማያከብር ሰው ሌዘር ስለተሠራ አይድንም።

ማዕዘኑ ጠባብ ወይም ዝግ ለሆነ

ይህ ሌላ በሽታ ነው ብለው ያስቡት። ወንፊቱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ አይሪሱ ግን ተገፍቶ በሩን ዘግቶታል። እዚህ ላይ ኤስ ኤል ቲ ቦታው አይደለም። የሚሠራው አይሪዶቶሚ ነው። በያግ ሌዘር አይሪሱ ጠርዝ ላይ በዓይን የማትታይ ቀዳዳ ትበሳለች፣ ፈሳሹ በእሷ አቋርጦ ያልፋል። የእኛ ዓይን ቡናማና ወፍራም አይሪስ ስላለው ከሰማያዊ ዓይን የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፤ ትንሽ ሊደማ፣ ጠቅ ሲል ሊቆነጥጥም ይችላል።

ድንገት ሲዘጋ ድንገተኛ ሕመም ነው። ዓይን ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያስታውካል፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታያል። ማስታወኩን አይቶ የሆድ መድኃኒት የሚሰጥ አለ። ዓይኑ ቀልቶ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሩጡ። አንዱ ዓይን ከተዘጋ ሌላውም ተራውን ስለሚጠብቅ፣ ለጤነኛውም ቀዳዳዋ ትሠራለች።

ዕድሜው ከ50 በላይ ለሆነ ሰው ሌላ ምርጫም አለ፦ የዓይኑን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት። ማዕዘኑ ተዘግቶ ግፊቱ ለጨመረ ሰው ይህ ከአይሪዶቶሚ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ሞራም ካለብዎት «ሁለቱን በአንድ ቀዶ ሕክምና መጨረስ ይቻላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

አክስቴን ያስፈራት ሌዘር

ሦስተኛው ሌዘር ፈሳሹን የሚያመነጨውን ክፍል ራሱን ይመታል። ዳዮድ ይባላል፣ ሞገዱ 810 ናኖሜትር ነው። ቧንቧው አልከፈት ሲል የውሃውን ምንጭ እንደመቀነስ ነው። ዓይን ዙሪያ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ምክንያቱም ያማል። ከሥራው በኋላ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ፣ የቀረ እይታ ሊቀንስ ይችላል። የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ሌላው ሁሉ ባልሠራበት፣ እይታው ባለቀ ወይም በሚያሰቃይ ዓይን ላይ ነው።

አክስቴ የምታውቃትን ሴትዮ ልጅ ጠየቅኩት። የተሠራችው ይሄንን ነው፤ ከሌዘሩ በፊትም በዚያ ዓይኗ ጥላ ብቻ ነበር የምታየው። ሌዘሩ ሕመሟን አስታግሶላታል። ወሬው ግን «ሌዘር ዓይኗን አጠፋው» ሆኖ ዞረ። አሁን ማይክሮፐልስ የሚባል፣ ጨረሩን እያቋረጠ የሚልክ ለስለስ ያለ ዓይነት መጥቷል፤ እይታ ላላቸው ዓይኖችም ይሠራል። ማዕዘኑ ክፍት ለሆነና ገና ለጀመረ ሰው ግን ከእነዚህ የትኛውም የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ሌላ አማራጭ ሳይሞከር ይህንን ካቀረቡልዎት ሁለተኛ ሐኪም ያማክሩ።

ቀዶ ሕክምና መቼ?

ነርቩ በጣም የተጎዳ ሰው ግፊቱ ወደ 12 ወይም ከዚያ በታች እንዲወርድለት ሊፈለግ ይችላል። ከ35 ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ኤስ ኤል ቲ አቅም የለውም። ትራቤኩሌክቶሚ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ለፈሳሹ ከላይኛው ቆብ ሥር አዲስ መውጫ ይሠራለታል። ከሌዘር ሁሉ በላይ ይቀንሳል፣ አደጋውም ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተደጋጋሚ ቀጠሮ አለው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው ማረፊያ ማሰብ አለበት። የተሠራለት ዓይን ዕድሜ ልኩን ኢንፌክሽን ይፈራል፤ ከቀላና ከደበዘዘ ሰዓት አይሰጥም። ዘግይቶ ለደረሰ ሰው ግን «መጀመሪያ ሌዘር እንሞክር» እያሉ ወራት ማሳለፍ የመጨረሻዋን ብርሃን ማባከን ሊሆን ይችላል።

እናቴ በስድስተኛው ሳምንት ስትለካ ቀኙ ከ29 ወደ 21፣ ግራው ከ26 ወደ 19 ወርዷል። ሐኪሙ የፈለገው ከ18 በታች ስለነበር ማታ ማታ አንድ ጠብታ እንድትቀጥል አድርጓታል። ወንድሜ «እንግዲያው ሌዘሩ ምን ሠራ?» አለ። ሁለት ብልቃጥ የነበረው አንድ ሆነ። ሌዘሩ እስካልደከመ ድረስ መንገደኛ ቢጠፋ እንኳ ግፊቷ ወደ 29 አይመለስም። እኔም፣ ወንድሜም፣ አክስቴም በዚያው ሰሞን ተለካን፤ ግላኮማ በዘር ስለሚሄድ እናት ወይም ወንድም እህት ያለበት ሰው ሳያመው መመርመር አለበት። የወንድሜ 23 ሆነ።

የእናቴም የወንድሜም ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ነው። የካርዶቹን ፎቶ አሜሪካ ላለችው እህቴ ልኬላታለሁ፤ ሰሞኑን የምትደውለው ቀኑን ለማስታወስ ነው።